በጆሮ የገባው ትል

የአንባቢያን ጥያቄና የቋንቋ ዓምዳችን መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች በዚህ እትም አንድ ቃል ላይ ተገናኝተዋል። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ «ኢርዎርም» ይባላል። «ኢር» ጆሮ፣ «ዎርም» ትል ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ አልወጣ ያለ ዘፈን መጠሪያ ይሆናሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ መልሶቹን ግን እንደ ጥያቄው ክብደት አንዳንዱን አርዝመን፣ አንዳንዱን በአጭሩ አልፈነዋል።

ጥያቄ፦ አቦ፣ እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ስመላለስ ጠዋት አንዱ ተሳፋሪ በስልኩ የከፈተው ዘፈን እስከ ማታ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል። ኮሌጅ የሚማር ልጅ «ይሄማ ኢርዎርም ነው» አለኝ። ስልኬ ላይ ባስተረጉመው «የጆሮ ትል» ብሎ አስደነገጠኝ። ዘፈንና ትል ምን አገናኛቸው?
(የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አትደንግጥ ወንድማችን፣ ጆሮህ ደህና ነው። ስልክህ ቃሉን ተረጎመልህ እንጂ ነገሩን አልተረጎመልህም። ደግሞ ስልኩን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ እንግሊዞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ቃሉ የመጣው ከጀርመንኛ ነው። ጀርመኖች «ኦርቩርም» ይላሉ፤ «ኦር» ጆሮ፣ «ቩርም» ትል። ይሁን እንጂ ኦርቩርም መጀመሪያ የዘፈን ስም አልነበረም። የአንድ ነፍሳት ስም ነው፤ ነፍሳቱም ቢሆን ትል አይደለም። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ቡናማ፣ ጭራው ላይ ወረንጦ የመሰለ መቆንጠጫ ያለው። ቀን ቀን ድንጋይና የዛፍ ቅርፊት ሥር ተሸጉጦ ይውልና ማታ ይወጣል። ጠባብ ስንጥቅ ስለሚወድ የተኛ ሰው ጆሮ ውስጥ ሾልኮ ይገባል የሚል እምነት በአውሮፓ ለዘመናት ኖሯል። ስሙም በየአገሩ ከጆሮ ጋር ተጣበቀ። ፈረንሳዮች «ፐርስ ኦሬይ» ይሉታል፤ ጆሮ በሺ ማለት ነው። ሩሲያኛው ጆሮ ጠምዛዥ እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች «ኢርዊግ» ይሉታል፤ ይህ «ዊግ» የጥንት እንግሊዝኛ የነፍሳት መጠሪያ ነው እንጂ ሴቶች ራሳቸው ላይ ከሚያደርጉት ዊግ ጋር ዝምድና የለውም።

ነፍሳቱ የሰው ጆሮ ፈልጎ የሚሄድበት ምክንያት ግን የለውም። ለስሙ ሌላ ማብራሪያ የሚሰጡም አሉ። አንደኛው፣ በድሮ ዘመን ነፍሳቱን አድርቀውና ፈጭተው ለጆሮ ሕመም መድኃኒት ያደርጉት ስለነበር ነው ይላል። ሌላው፣ ክንፉ ሲዘረጋ ቅርጹ የሰው ጆሮ ስለሚመስል ነው ይላል። ለእኛ የሚያሳምነን የመጀመሪያው እምነት ነው፤ ጆሮ በሺ፣ ጆሮ ጠምዛዥ የሚሉ ስሞች ከመድኃኒትም ከክንፍም ሊመጡ አይችሉም። የፈራ ሰው ያወጣቸው ስሞች ናቸው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖች ይህንን የታወቀ ስም ወስደው፣ አንዴ በጆሮ ከገባ በኋላ አልወጣ ለሚል ዜማ ሰጡት። ምሳሌው ለእነሱ ግልጽ ነው፤ ሳይጠሩት ሾልኮ የሚገባውን፣ ገብቶም የሚርመሰመሰውን ያውቁታል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ከሚጠቀሱት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ደዝሞንድ ባግሊ የተባለ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ሰሃራ በረሃ ውስጥ ነው። ተራኪው ረጅም መንገድ ሲጓዝ አንድ ዜማ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባበትና ጀርመኖች ኢርዎርም የሚሉት ነገር ነው ይላል። «ጀርመኖች የሚሉት» ማለቱን ልብ በል፤ ቃሉ ገና እንግዳ ነበር፤ አገሩ ተጠርቶ ነው የገባው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የገበያ ጥናት ምሁር የሆነው ጄምስ ኬላሪስ ስለነገሩ ባደረገው ጥናት ቃሉ ወደ ጋዜጣና ሬዲዮ ወጣ። የነርቭ ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ሙዚቃና አእምሮ ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጠው። ዛሬ እንግሊዞቹ የራሳቸው ቃል ይመስላቸዋል።

ነገሩ ራሱ ግን ከስሙ ይቀድማል። ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ትኬት በሺ ኮንዳክተር የተገጠመች አጭር ዜማ ሰውን እንዴት እንቅልፍና ምግብ እንደነሳች የሚያስቅ ጽሑፍ ጽፏል። ባለታሪኩ የሚገላገላት ለአንድ ቄስ ወዳጁ ሲያስተላልፋት ነው፤ ከዚያ ቄሱ ሊያብድ ይደርሳል። ኢርዎርም የሚል ቃል ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ በሽታው ግን ራሱ ነው። በምድር ባቡር ዙሪያ ላደገ የድሬዳዋ ሰው የመንኮራኩርና የትኬት ምት እንዴት ወደ ዘፈን እንደሚለወጥ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ በሐረርጌ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በማመሳከሪያ መጻሕፍት ውስጥ «ኮርን ኢርዎርም» የሚባል የበቆሎ ተባይ አለ። የዘፈኑ ቃል የመጣው ከዚህ ተባይ ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርጄያለሁ። ማን አሸነፈ?
(ከሐረር)

መልስ፦ ጓደኛዎ አሸንፈዋል፤ ጋብዟቸው። የእርስዎ ስሕተት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቢያውቁትም የሚጠቅም ስሕተት ስለሆነ ትንሽ እናቆይዎ።

ተባዩን እርስዎ ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። የእሳት እራቷ እንቁላሏን በቆሎው ጫፍ ላይ ባለው ጸጉር ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ትል ጸጉሩን ተከትሎ ልባሱ ውስጥ ይገባና ከጫፍ ጀምሮ እህሉን እየበላ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ የአሜሪካ አህጉር ተባይ ነው፤ እኛ አገር ሽምብራና ቲማቲም የሚያጠቃው ጓይ ትል የቅርብ ዘመዱ ነው። እንግሊዝኛ የበቆሎውን ራስ «ኢር» ይለዋል። ጆሮንም «ኢር» ይላል። ፊደሉ አንድ፣ ድምፁም አንድ። ስለዚህ በቆሎው ጆሮ ስለሚመስል ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው።

ሁለቱ ቃላት ግን አይዘመዱም። የጆሮው «ኢር» ከላቲኑ «አውሪስ» ጋር አንድ ሥር አለው። የእህሉ «ኢር» ደግሞ ሹል ነገርን ከሚያመለክት ጥንታዊ ሥር የመጣ ነው፤ የላቲኑ «አኩስ»፣ ማለትም መርፌ፣ ዘመዱ ነው። የገብስ ዛላ ላይ ያለውን ሹል ሹል ነገር ካሰቡ ስሙ ከየት እንደመጣ ይታይዎታል። እንግሊዝኛ በዘመናት ሂደት ሁለቱን ድምፆች ስላቀላቀላቸው ነው የተምታቱት። ጀርመንኛ ግን አላቀላቀላቸውም፤ ጆሮ «ኦር» ነው፣ የእህል ዛላ «ኤረ» ነው። የዘፈኑ ቃል በጀርመንኛ ኦርቩርም እንጂ ኤረን የያዘ አይደለም። ውርርድዎ እዚህ ላይ አለቀ።

የማንኛውንም ጥምር ቃል አመጣጥ ሲመረምሩም በዚሁ መንገድ ይሂዱ። ቃሉን ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መዝገበ ቃላት ውስጥ ይፈልጉ። አንድ ዓይነት ፊደል ያላቸው ግን 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ በተለያየ ቁጥር የተመዘገቡ ቃላት ካገኙ ይቁሙ፤ ቁጥሩ አዘጋጆቹ «ሥራቸው የተለያየ ነው» የሚሉበት ምልክት ነው። ከዚያ የእህት ቋንቋዎችን ቃል ያስተያዩ፤ ለእንግሊዝኛ ጀርመንኛና ደች፣ ለአማርኛ ግዕዝና ትግርኛ። አንዱ ያቀላቀለውን ሌላው ለይቶ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ማስረጃ ዓመት ያያሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዓመቱ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ የተገኘበት እንጂ የተወለደበት አይደለም። አፍ ከብዕር ይቀድማል። በመጨረሻ፣ ስለ አመጣጡ የሚነገረው ታሪክ በጣም የሚያምር ከሆነ ይጠርጥሩት። እውነተኛ የቃል ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ሐረር ጀጎል መንገድ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይጠብባል፣ ያልጠበቁት ግድግዳ ጋ ያወጣዎታል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ኢርዎርም»ን በአማርኛ ምን እንበለው ሲሉኝ «የጆሮ ትል» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷማ «ቲቸር፣ አክስቴን እንዲህ አሟት ነበር» አለች። ምን ብዬ ላርመው?
(ከሐረር)

መልስ፦ የተከበሩ መምህራችን፣ የልጅቷ አስተያየት ከብዙ የትርጉም መማሪያ ይበልጣል። «የጆሮ ትል» ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ የሚወድቀው ትርጉሙ ላይ ነው።

አማርኛ ትልን የሚያውቀው ከብስባሽና ከበሽታ ጋር ነው። «ጥርሴን ትል በላው» እንላለን። ስለዚህ «የጆሮ ትል» የሰማ ሰው ሐሳቡ በቀጥታ ወደ ሕመም ይሄዳል፤ ደግሞ ጆሮው የሚመግልና ዝንብ የሚያርፍበት ልጅ በእውነትም ትል ሊያፈራ ስለሚችል ስሙ ለሌላ ነገር ተይዟል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ጀርመኑ ኦርቩርም ሲል በዜማው ጀርባ አንድ የሚያውቀው ነፍሳት አለ። እኛ ቃሉን ስንተረጉም ነፍሳቱ ድንበር ላይ ቀረ፣ ትሉ ብቻ ተሻገረ። ቀልዱ ሳይመጣ ቃሉ ብቻ መጣ ማለት ነው።

ቃል በቃል መተርጎም ሁልጊዜ አይሳካም ማለታችን ግን አይደለም። «እግር ኳስ» ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተተረጎመ ነው፤ ዛሬ ባዕድነቱ ለማንም አይሰማም። ምክንያቱ እግሩም ኳሱም ሜዳው ላይ ይታያሉ። «ሰማይ ጠቀስ» የበለጠ ያስተምራል። እንግሊዝኛው ሕንፃውን ሰማይ ፋቂ ነው የሚለው። የተረጎመው ሰው ሰማዩን አስቀርቶ ግሡን ለወጠ፤ «ጠቀሰ» አለ። «ሰማይ ፋቂ ፎቅ» ብንባል ኖሮ ዛሬም እንስቅ ነበር። የኛዋ ድሬዳዋ ደግሞ ሌላ መንገድ ታሳያለች። «ለገሃር» የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ማንም ሳይተረጉመው ከነጠቋሚ ቃሉ ተዋጠ፤ «ለ» የሚመስለው ድምፅ የፈረንሳይኛ ጠቋሚ ቃል ነው። መተርጎም፣ ማሻሻል፣ መዋጥ፤ ሦስቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው ቋንቋው የሚወደውን ሳያዩ መተርጎም ነው።

አማርኛ ጆሮን ሲያጣምር ምን እንደሚወድ እንይ። ጆሮ ጠቢ፤ የሰው ወሬ እየለቀመ ለሹም የሚያደርስ። ጆሮ ደግፍ፤ መንጋጋ የሚያሳብጠው ሕመም። ጆሮ ቆራጭ፤ ልጅ የሚፈራበት። ጆሮ ዳባ ልበስ፤ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን። አራቱም ውስጥ ግሥ አለ። ጆሮው ይጠባል፣ ይደገፋል፣ ይቆረጣል፣ ይለብሳል። እንግሊዝኛ ሁለት ስም ደርድሮ ያልፋል፤ የኛ ጆሮ ግን ሥራ ይፈልጋል። (በነገራችን ላይ እንግሊዞችም ያንን ጆሮ ገብ የተባለ ነፍሳት ግሥ አድርገውት ተደብቆ የሰው ወሬ ማዳመጥን «ኢርዊግ ማድረግ» ይሉታል። ከጆሮ ጠቢ ብዙ አይርቅም።)

ስለዚህ ግሥ እንፈልግ። ሕዝቡ ቀድሞ አግኝቶታል፤ «ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል» ይላል። ማቃጨል ከቃጭል ነው፤ በቅዳሴ ከሚሰማው፣ በከብት አንገት ከሚታሰረው። ቃጭል አንዴ ተመቶ ድምፁ ወዲያው አይሞትም፤ ከብቷ ጉብታውን ዞራ ከጠፋች በኋላም ይሰማል። ለማይለቅ ዜማ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየትም አይመጣም። ከግሡ የአድራጊ ስም ሲወጣ መጨረሻው «ለ» ወደ «ይ» ይለወጣል፤ ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ እንደሚሆነው አቃጨለ አቃጫይ ይሆናል። «አቃጫይ ዜማ» ብለው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። «ጆሮ አቃጫይ» አይበሉት፤ ያኔ ዜማው ቀርቶ የሚጮህ ሰው ወይም የጆሮ ሕመም ይመስላል።

ሌሎች አማራጮችንም ሞክረናቸው ነበር። «ሙጭጭ አለብኝ» ለአፍ ወለላ ነው፤ «ያ ዘፈን ሙጭጭ አለብኝ» ያለ ሰው በትክክል ተናግሯል። ግን ስም ሊወጣው አልቻለም። «ተመላላሽ ዜማ» ያልን ጊዜ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ትዝ አለን። አዲስ ቃል ከመጻፍዎ በፊት እርስዎም እንዲህ ይፈትኑት፤ አንዴ በመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር፣ አንዴ በሬዲዮ ዜና፣ አንዴ በመጋላ ገበያ ወሬ ውስጥ ያስገቡት። ከሦስቱ በአንዱ ቦታ ማብራሪያ ከጠየቀ እንደገና ያስቡበት፤ ሳቅ ካስነሣ ይሰርዙት። «አቃጫይ ዜማ» በገበያው ወሬ ላይ ትንሽ ይደርቃል፤ እንደ ጥፋት አናየውም። ገበያው «ያቃጭልብኛል» የሚለውን ይዞ ይቀጥል፣ መጽሐፉ ስሙን ይያዝ።

ጥያቄ፦ ለፈተና እያጠናሁ ነው። ቲክቶክ ላይ የሰማኋት አንዲት ዘፈን ከገጽ ገጽ ትከተለኛለች። በተለይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አልችላትም። ታሪኩ ይቅርብኝ፣ ማስወጫውን ንገሩኝ።
(የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እሺ እህታችን። ግን ማስወጫው እንዲሠራልሽ እንዴት እንደምትገባ በጥቂቱ ማወቅ አለብሽ።

የምትከተልሽ ሙሉዋ ዘፈን አይደለችም። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ የምትሆን ቁራጭ ናት፤ አዝማቿ ወይም የአዝማቿ ግማሽ። ቁራጯ መጨረሻ ስለሌላት ጭራዋ ከራሷ ጋር ይገናኝና ክብ ይሆናል። አእምሮ ያልተጨረሰ ነገር አይለቅም። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ያቋረጡት ሥራ ከጨረሱት ይልቅ እንደሚታወስ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች በሚያውቁት ዘፈን መካከል ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ሲጠፋ፣ ድምፅ የሚሰማው የአእምሮ ክፍል ዘፈኑን ራሱ እንደሚቀጥለው አሳይቷል። ቲክቶክ ዘፈንን ጎምዶ አዝማቹን ብቻ ደጋግሞ ሲያሰማሽ ይህንን ክብ በእጁ ሠርቶ ይሰጥሻል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሙሉውን ዘፈን ፈልጊና ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ አድምጪ። ሰው የሚሳሳተው አዝማቹን ሲሰማ ደስ ብሎት ወደ ኋላ መመለሱ ነው፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ መልሶ በሽታው ይሆናል። ማለቂያውን ሰምተሽ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪ።

አልተሳካም? ማስቲካ ግዢ። ቀልድ አይደለም። የእንግሊዝ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 98 ፈቃደኞች ዘፈን ሰምተው ከዚያ ለ3 ደቂቃ ዜማው በመጣባቸው ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ ተደርጓል። ማስቲካ ሲያላምጡ ዜማው የመጣባቸው ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ምክንያቱ ጭንቅላታችን ውስጥ ስንዘፍን በዝምታ ምላስና መንጋጋችንን ለመዝፈን ስለምናዘጋጅ ነው። መንጋጋው ሌላ ሥራ ከያዘ ዘፋኙ ቦታ ያጣል። የድሬዳዋ ቃሚዎች ይህንን አንብበው ጫትም ያው ነው ብለው እንዳይከራከሩ፤ የተጠናው ማስቲካ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ለአንቺ ይበልጥ የሚስማማ ይመስለናል። በአሜሪካ የዌስተርን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ዜማው የሚመለሰው የያዝነው ሥራ በጣም ሲቀል ወይም በጣም ሲከብድ ነው። ሲቀል አእምሮ ትርፍ ቦታ አለው፣ ሲከብድ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይሸሻል። መካከለኛ የቃላት ጨዋታ ግን ቦታውን ይሞላል። ወረቀት ላይ «ምድር ባቡር» ብለሽ ጻፊና ፊደላቱን እየቀያየርሽ ሌላ ቃል አውጪ። «ምድር» ውስጥ «ድምር» አለ፤ የቀረውን አንቺ ፈልጊ። 5 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ወደ ጥናትሽ ተመለሺ። ዜማው ሒሳብ ስትሠሪ ጠፍቶ ማስታወሻ ስትገለብጪ የሚመጣ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ መገልበጥ ቀላል ሥራ ነው። ገልባጭነቱን ትተሽ ራስሽን ጥያቄ መጠየቅ ብትጀምሪ ለፈተናውም ለዜማውም ይበጃል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ከሰዓት ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ ጋደም ብለሽ የምታጠኚ ከሆነ ሐሳብ የሚባዝንበት ሰዓት ነው፤ አቃጫይ ዜማ ደግሞ ባዛኝ ሐሳብ ይወዳል። ከባዱን ትምህርት ለጠዋት አድርጊው።

አንድ ነገር አታድርጊ፤ «አላስባትም» ብለሽ አትታገያት። ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ አታስቡ ሲላቸው ድቡ መምጣቱን እንዳላቆመ፣ ከዚያ በኋላም ይበልጥ እንደመጣባቸው አሳይቷል። በሌላ ዘፈን ማባረርም ይሠራል፣ ነገር ግን ተተኪዋ ራሷ ልትቀር ትችላለች። ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም፤ በፊንላንድ 12,420 የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ተጠይቀው ወደ 90 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንደሚያጋጥማቸው ተናግረዋል።

ጥያቄ፦ «ፖድካስት»ስ እንደ ኢርዎርም ጥምር ቃል ነው?
(ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በአጭሩ፣ ጥምር ሳይሆን ቁርጥራጭ ነው። «አይፖድ» ከተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ጭራው፣ «ብሮድካስት» ከሚለው ቃል ጭራው ተቆርጦ ተሰፋ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2004 ቤን ሐመርስሊ የተባለ ጋዜጠኛ በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ከሌሎች የስም አማራጮች ጋር ወርውሮት ነበር፤ የተያዘው ይሄኛው ሆነ። ለግብርና ባለሙያው ጠያቂያችን ደግሞ አንድ ስጦታ፤ «ብሮድካስት» ከሬዲዮ በፊት የገበሬ ቃል ነበር። ዘር በእጅ ዘግኖ ማሳው ላይ መበተን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይዘፍናል» አለኝ። ይሄ የእናንተ ኢርዎርም ነው ብዬ ልተወው ወይስ ላስመርምረው?
(እናት፣ ሐረር)

መልስ፦ እናታችን፣ በመጀመሪያ ልጁን «እስቲ ዝፈንልኝ» ይበሉት። የሚታወቅ ዜማ ከዘፈነልዎ፣ ከጆሮው ሳይሆን ከጭንቅላቱ ነው፤ ይተዉት፣ አብረውት ጨርሰው ይዝፈኑለት። ዜማ የሌለው ፉጨት ወይም ጩኸት ከሆነ፣ ወይም ዘፈኑ ከውጭ የሚመጣ መስሎት «ማነው የከፈተው?» የሚል ከሆነ ሐኪም ይየው።

ልጁ ድንገት አንዱን ጆሮ ይዞ ካለቀሰና «ይንቀሳቀሳል፣ ይቧጭራል» ካለ ግን እውነተኛ ነፍሳት ገብቶ ይሆናል። ያ ጀርመኖች የፈሩት ባለወረንጦ እምብዛም አይገባም፤ በረሮ ግን ይገባል። ክብሪት እንጨት፣ የጸጉር ጌጥ፣ ጥጥ የተጠቀለለበት ዘንግ አያስገቡ። ነፍሳቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ የጆሮ ታምቡርም ሊበሳ ይችላል። ልጁን በጎኑ አስተኝተው የታመመውን ጆሮ ወደ ላይ ያድርጉ። ከዚህ በፊት ጆሮው ፈሳሽ ያልነበረውና ታምቡሩ ያልተበሳ ከሆነ፣ የጆሮውን ቅጠል በቀስታ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ጥቂት ጠብታ የምግብ ዘይት ይጨምሩ። ዘይቱ ለብ ያለ ይሁን፤ ክንድዎ ላይ ጠብ አድርገው ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ካልተሰማዎ ልክ ነው። ነፍሳቱ ይሞታል፣ ጭንቀቱም ይቆማል። ከዚያ እርስዎ አያውጡት፤ ጤና ጣቢያ ያስወጣው።

የገባው ሽምብራ ወይም ባቄላ ከሆነ ምንም ፈሳሽ አይጨምሩ፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጥና ይጣበቃል። የሰዓት ባትሪ ከሆነ ሥጋ ስለሚያቃጥል ሌሊትም ቢሆን ሳያሳድሩ ይውሰዱት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱም ዘይት ጨምረው ከነበረ መቼና ምን ያህል እንደጨመሩ ለሚያየው ባለሙያ ይንገሩት።